ከልቅለቃ ወደ ሲኒ ንጣፍ፤ ስለ ወለል አያያዝ ቃላት ታሪክ

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ካርዱን ይዞ ወደ ሰው ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚለቅመው የዕቃ ስም ነው። እኛም የቤት ሙያ ቃላትን ስንሰበስብ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ልማድ ተመርተናል። ምጣዱን፣ አክንባሎውን፣ ሰፌዱን፣ ገንቦውን እያነሣን ስማቸውን ስንጽፍ ቆይተን፣ ከእግራችን ሥር ያለውን ወለል ግን እንደ ቀላል ነገር አልፈነዋል። ወለል ስሙ አንድ ነው፤ ታሪኩ ያለው በግሶቹ ላይ ነው። ሰው ወለሉን ምን እንደሚያደርገው የሚናገሩት ቃላት በየዘመኑ ተለዋውጠዋል፤ አንዳንዶቹም የቤቱ ወለል ከተለወጠ በኋላ ሳይለወጡ ቀርተው በአዲሱ ወለል ላይ የድሮውን ሥራ ያሠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመልከት ነው። መነሻችንም ዛሬ በከተማ ቤቶች በብዛት የሚነጠፈውና በተለምዶ «ሴራሚክ» ወይም «ታይልስ» እየተባለ የሚጠራው፣ በሙያ ስሙ ፖርሴሊን የተባለው ንጣፍ ነው።

ከቀድሞው ወለል እንጀምር። «ለቀለቀ» የሚለው ግስ ዛሬ በሁለት ፍች ይነገራል። «ብርጭቆውን ለቅለቅ አድርገህ አምጣው» ሲባል በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማጥራት ነው። «ቤቱን በእበት ለቀለቀችው» ሲባል ደግሞ መቀባት፣ መለሰን ነው። የመጀመሪያው በገጹ ላይ ያለውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ያልነበረውን ይጨምራል። ሁለቱ እንዴት በአንድ ቃል ሊጠሩ ቻሉ ቢባል፣ በኛ አስተያየት የሚያገናኛቸው የሥራው ሁኔታ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ በውሃ የራሰ እጅ በገጹ ላይ እየተመላለሰ ያልፋል።

በእበት የሚለቀለቅ ወለል ያየ ሰው ሥራው ተራ እንዳልሆነ ያውቃል። አፈሩ አስቀድሞ ተደልድሎ ይጠቀጠቃል። አዲስ እበት በውሃ ይበጠበጥና ከጓዳ ተጀምሮ ወደ በር እያፈገፈጉ በእጅ መዳፍ ይቀባል። ሲደርቅ አቧራውን ያዝ ያደርጋል፣ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ቁንጫም እንደ ልብ እንዳይራባ ያግዛል ይባላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እየተፈረፈረ ስለሚነሣ ደግሞ መለቅለቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ በዚህ ወለል ላይ ንጽሕና ማለት መጨመር ነው። ያደፈው ንብርብር አይታጠብም፤ ሊታጠብም አይችልም፤ ውሃ ቢበዛበት ጭቃ ይሆናልና። በላዩ አዲስ ንብርብር ይደረብበታል እንጂ። በዓል ሲሆን ደግሞ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፤ ጉዝጓዙም ያው ሌላ ድርብ ነው። ሰሌኑ፣ ጅባው፣ ቁርበቱ፣ አጎዛው ሁሉ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የሚሄዱ ናቸው። ወለል የሚነጠፍበት እንጂ ራሱ ንጣፍ አልነበረም።

ከተማው ሲያድግ ወለሉ ተለወጠ። የጣውላ ወለል መጣ፤ የሲሚንቶ ወለልም መጣ። የግንባታ ቃላታችንን የሚመረምር ሰው በዚህ ዘመን ውስጥ የጣልያንኛው ድምፅ እንዴት እንደበዛ ሳያስተውል አያልፍም። ብሎኬት፣ ፌሮ፣ ጀሶ፣ ኮርኒስ፣ ላቫንዲኖ፣ ባኞ፤ እነዚህ ሁሉ ከግንበኛው ጋር የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የወረራ ዘመን ሲያልፍ ቃላቱ ከመሣሪያው ጋር በሠራተኛው አፍ ላይ ቀሩ። ከነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚቀርበው «ሊሾ» ነው። በጣልያንኛ ለስላሳ ማለት ነው፤ በኛ ዘንድ ግን ቅጽልነቱን ትቶ ስም ሆነና በሲሚንቶ ተለስኖ የተስተካከለውን ወለል መጠሪያ ሆነ። «ቤቱ ሊሾ ነው» ስንል የወለሉን ዓይነት መናገራችን ነው።

ለጣውላውና ለሊሾው የተመደቡት ግሶች ሁለት ናቸው፤ «ቀባ» እና «ወለወለ»። በልጅነታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰም በጨርቅ ይቀባና፣ ሲደርቅ ብሩሹን በእግር ረግጦ ወዲያና ወዲህ መመላለስ የልጆች ድርሻ ነበር። ጨዋታም ቅጣትም የነበረ ሥራ ነው። «ወለወለ» እዚህ ላይ ትርጉሙ ማብራት፣ ማንጸባረቅ ነው፤ ጠመንጃ ወለወለ እንደሚባለው። ቀስ በቀስ ግን ይኸው ግስ በእርጥብ ጨርቅ ወለል ማጽዳትንም ያዘ፤ መሣሪያውም «መወልወያ» ተባለ። ዛሬ «ወለሉን ወልውዪው» የተባለች ሰው በባልዲ ውሃ እንጂ በሰም አትጀምርም። ቃሉ እንዲህ ቢሰፋም አሮጌው ልማድ አልጠፋም። ወለል ሲደበዝዝ አንድ ነገር ቀብቶ ማብራት አለብን የሚለው ሐሳብ ከእበቱ ወደ ሰሙ ተላልፎ፣ ከሰሙም ወደ ዛሬው ንጣፍ ደርሷል።

አሁን ወደ ንጣፉ እንምጣ። «ሴራሚክ» የሚለው ቃል መነሻው ግሪክ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ጭቃን ያመለክታል። ስለዚህ ጀበናውም፣ ገንቦውም፣ ጡቡም በቃሉ ሰፊ ፍች ሴራሚክ ናቸው። ገበያችን ይህን ሰፊ ቃል ወስዶ ለግድግዳም ለወለልም ንጣፍ ያለ ልዩነት መጠሪያ አድርጎታል። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ንጣፎችን የሚመድበው ውሃ በመምጠጥ አቅማቸው ነው። ፖርሴሊን የሚባለው ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ የበለጠ ውሃ የማይጠጣው ነው፤ ተራው የግድግዳ ንጣፍ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። በሌላ አነጋገር 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን የፖርሴሊን ንጣፍ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ የሚይዘው ቢበዛ 50 ግራም ነው፤ ያው ክብደት ያለው የግድግዳ ንጣፍ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይይዛል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ነጭ ሸክላ፣ ፌልድስፓርና አሸዋ በደቃቁ ተፈጭተው በከፍተኛ ግፊት ይጠፈጠፋሉ፤ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀትም ይተኮሳሉ። ፌልድስፓሩ ቀልጦ እንደ መስታወት በመሆን በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል።

የፖርሴሊን የትውልድ አገር ቻይና መሆኑ የታወቀ ነው። በጂንግዴዠን ከተማ አጠገብ ካለው ጋኦሊንግ ከሚባለው ስፍራ የሚወጣው ነጭ አፈር ለመላው ዓለም «ካኦሊን» የሚለውን ስም ሰጥቷል። በከተማይቱ የነበረው ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ዳንትርኮል እ.ኤ.አ. በ1712 ስለ አሠራሩ ጽፎ ወደ አውሮፓ ልኳል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደግሞ በድሬስደን፣ ወርቅ እንዲሠራ ታስሮ የተያዘው ቦትገር ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲመራመር በ1708 ፖርሴሊንን አገኘ፤ በ1710ም የማይሰን ፋብሪካ ተቋቋመ። ወርቁ አልተገኘም፤ ንጉሡ ግን የከሰረ አይመስለንም።

ስሙስ? የምዕራቡ «ፖርሴሊን» መነሻ ጣልያንኛው «ፖርቼላና» ሲሆን፣ ይህ አስቀድሞ የዛጎል ስም ነበር። ማርኮ ፖሎ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስላየው ነገር ሲናገር ዛጎሉንም የቻይናውን ዕቃም በዚሁ ቃል ጠርቷቸዋል፤ የዕቃው ገጽ እንደ ዛጎል የለሰለሰና የሚያብለጨልጭ ስለ ሆነ ነው። በምሥራቅ ያለው ሕዝብ ግን ዕቃውን የጠራው በአገሩ ስም ነው። ዐረቡ «ሲኒ» አለው፤ የቻይና ማለቱ ነው። ቱርኩም ከዚሁ ዘር «ቺኒ» ብሎ፣ ቃሉን ከዕቃው አልፎ በመስጊዶቹ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው ባለ ቀለም ንጣፍ ሰጠው።

እዚህ ላይ አንባቢ ወደ ጓዳው ዘወር ቢል ቃሉን በረከቦቱ ላይ ተደርድሮ ያገኘዋል። የኛ «ሲኒ» ከዐረብኛው የመጣ፣ ከቡናው ጋር የተለመደ ቃል ነው። በኛ ዘንድ የአንድ ትንሽ ዕቃ ስም ሆኖ ስለ ጠበበ እንጂ፣ የፖርሴሊን ስም ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ዕቃውም ቢሆን ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ በተካሄደው የቁፋሮ ጥናት፣ ከዘመናት በፊት በንግድ ከሩቅ አገር ከገቡት ዕቃዎች መካከል ከቻይና የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎችና የባሕር ዛጎሎች ተገኝተዋል። የምዕራቡን ስምና የምሥራቁን ስም የሚያስረዱት ሁለቱ ነገሮች በአንድ አፈር ውስጥ አብረው መቀበራቸው ለቃል ታሪክ ተመራማሪ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው። ነጩም አፈር በአገራችን አለ። በጉጂ ምድር ከቦምቦውሃ የሚወጣው ካኦሊን ለሐዋሳው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል።

ስለዚህ «ሲኒ ንጣፍ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ፖርሴሊን ታይል» የሚለውን ከነነፍሱ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ነጋዴውም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን ውሰት ቃል ለሰሚው ምንም ሳይነግር ያልፋል። «ሲኒ» ግን ይናገራል። ማንኛዋም ባለሙያ ሲኒ ቡናውን እንደማይመጥ፣ ጀበናው ግን ጠረኑን ይዞ እንደሚኖር ታውቃለች። ሲኒን ሰም ቀብታ አታበራም፤ በሽቦ ፈግፍጋም አታጥብም። «ይህ ወለል ሲኒ ነው» ብንላት ግማሹን የአያያዝ መመሪያ በአንድ ቃል ነገርናት ማለት ነው። «ንጣፍ»ም ከ«አነጠፈ» የወጣና ለመንገድ ድንጋይ ሳይቀር የተለመደ ስለ ሆነ ይስማማል።

የዚህ ወለል አያያዝ ከቀድሞዎቹ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። በእበቱና በሰሙ ወለል ላይ ንጽሕና መጨመር ነበር ብለናል፤ በሲኒ ንጣፍ ላይ ግን ምንም ነገር ትቶ አለመሄድ ነው። ገጹ ስለማይመጥ የተቀባው ሁሉ በላዩ ይቀራል። ሰሙ አይሰርግም፤ ይደርቅና የእግር አሻራና አቧራ የሚይዝ ሽፋን ይሆናል፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል። ሳሙናም እንዲሁ ነው። በተለይ ካልሲየም በበዛበት ውሃ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚያስቀር እንደ ድሬዳዋው ዓይነት ውሃ ሲሆን፣ ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ በውሃ የማይሟሟ ግራጫ ዝቃጭ ይፈጥራል። ባለቤቱ ይህን ባየ ጊዜ «ንጣፉ አረጀ» ይላል፤ ቀጥሎም የሚያበራ ነገር ገዝቶ ይቀባበታል፤ ሽፋኑም ይደረባል። ንጣፉ ግን አላረጀም፤ ተለቅልቋል እንጂ፤ በእበቱ ፍች።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው። አስቀድሞ በደረቁ በደንብ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በጫማ የገባው አሸዋ ከውሃ ጋር ሲታሽ የተንጸባረቀውን ገጽ ይጭረዋልና። በዚህ ረገድ በር ላይ የሚቀመጠው የእግር መጥረጊያ ከማናቸውም ማጽጃ የበለጠ ይጠቅማል። ከዚያ በባልዲ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በተለምዶ «ላርጎ» የሚባለውን ዓይነት፣ ጠብ ማድረግ ነው። አረፋ ከበዛ ሳሙናው በዝቷል። ከጓዳ ወደ በር እያፈገፈጉ ከወለወሉ በኋላ በሌላ ባልዲ በቀረበ ንጹሕ ውሃ መለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅም ማድረቅ ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው። እንግዲህ «ለቀለቀ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ በሌላኛው ፍቹ ተመልሶ ይመጣል። «ወለሉን ለቅልቂው» የሚለው ትእዛዝ ለአያቲቱ «እበት ቀቢው» ነበር፤ ለልጅ ልጂቱ «የቀረውን ሁሉ አንሺው» ይሆናል። በገጠር ለሚነበብ ጽሑፍ «በውሃ ለቅልቂው» ብሎ መለየት ይበጃል፤ ለከተማው ግን የእበቱ ፍች እየደከመ ስለ ሄደ ግሱ ያለ ስጋት ሊያገለግል ይችላል የሚል እምነት አለን።

ሲኒ ንጣፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ በላዩ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ተደርጎበት ተተኩሷል፤ ይህን «ልባስ» ብለን «ባለ ልባስ» ልንለው እንችላለን። ሌላው ልባስ የለውም፤ እስከ ታች ድረስ ያው ነው። ሦስተኛው ከተተኮሰ በኋላ ገጹ በመሣሪያ ተሞርዶ እንዲያንጸባርቅ የተደረገ ነው። ይህ ሦስተኛው በገበያ ከሁሉ ይወደዳል፤ ተንኮል ያለበትም እሱ ነው። በንጣፉ ውስጥ ተዘግተው የቀሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሲሞረድ አፋቸው ይከፈታል፤ የፈሰሰ ቡና ወይም የብዕር ቀለም በጊዜ ካልተጠረገ ገብቶ ይቀመጥባቸዋል። «የተወለወለ ንጣፍ» እንዳንለው ቃሉ በመወልወያው ተይዟል፤ ሰሚው ዛሬ ጠዋት የተጸዳ ንጣፍ ሊመስለው ነው። ስለዚህ «የተሞረደ» የሚለውን መርጠናል።

ከንጣፉ ይልቅ በቶሎ የሚያድፈው በንጣፎቹ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው። መሙያው በአብዛኛው ሲሚንቶ ስለ ሆነ እንደ ጀበናው ይመጣል። በኛ ማዕድ ቤት ይህ ማለት በርበሬና ቅቤ ማለት ነው። የበርበሬው ቀይ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል፤ ቅቤው ተሸክሞት በመገጣጠሚያው ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ውሃ ብቻ ደጋግሞ ማፍሰስ ፋይዳ የለውም፤ ቅባቱን የሚበትን ሳሙና በሙቅ ውሃ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ያስፈልጋል። የብረት ሽቦ አይነካውም፤ ቅንጣቱ ቀርቶ ይዝጋልና። ኮምጣጤና ሎሚም በልማድ የተመሰገኑ ቢሆኑም ለዚህ ቦታ አይሆኑም፤ ንጣፉን ሳይሆን ሲሚንቶውን ይበሉታል። በአንጻሩ ንጣፉ አዲስ ሲነጠፍ በላዩ የሚቀረው የሲሚንቶ ጉም በሳሙና አይለቅም፤ እሱን የሚያነሣው አሲድ ያለበት ማጽጃ ነው። ይኸውም መገጣጠሚያው በደንብ ከደረቀ በኋላ አስቀድሞ በውሃ አርሶ፣ አሲዱን አቅጥኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎም በብዙ ውሃ ለቅልቆ መሆን አለበት። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት ግን ንጣፉን ራሱን ስለሚበላና ለሰውም እጅግ አደገኛ ስለ ሆነ በቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈን ግን የአንድ ቃል ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዳችን ቤት ገብተን ሳለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል አዲስ ተነጥፎ የሲሚንቶ ጉም ቀርቶበት ነበር። ለዚሁ የተገዛ አሲድ በአንድ ጠርሙስ፣ በሌላው ደግሞ በረኪና ተቀምጦ ነበር። የቤቱ ሠራተኛ ወለሉ በአንዱ አልለቅ ሲላት ሌላውን ደረበችበት፤ ተንበርክካም ማሸት ጀመረች። መስኮቱ ዝግ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እያሳላት፣ ዓይኗ እያነባ፣ ግድግዳ ይዛ ወጣች። ወደ ውጭ አውጥተን አየር እንድታገኝ አደረግን፤ ሐኪም ዘንድም ወሰድናት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስትሻላት የቤቱ እመቤት «ለምን ቀላቀልሽው?» ብትላት «እትዬ፣ ሁለቱም ማጽጃ አይደሉም እንዴ?» አለቻት። ጠርሙሶቹን አንሥተን አየን። በሁለቱም ላይ በትልቁ የተጻፈው የአማርኛ ቃል «ማጽጃ» የሚል ነበር። የቀረው በባዕድ ቋንቋ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ልጅቱ ማንበብ ታውቃለች፤ ያነበበችውንም በትክክል ተረድታለች።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 በቤልጅግ በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ነው። ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ስለዚህ ከቆመው ሰው ይልቅ ተንበርክኮ የሚያሸው ሰው ቀድሞ ይስበዋል። በረኪና አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ ጎጂ ጋዝ ይወጣል።

«በረኪና» የሚለው ቃል ራሱ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። ስዊድናዊው ሼሌ ክሎሪንን በ1774 አገኘው፤ ፈረንሳዊው በርቶሌ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጨርቅ እንደሚያነጣ አሳየ፤ ውሁዱም በፓሪስ አጠገብ በነበረው በዣቬል መንደር ስም ይጠራ ጀመር። ጣልያኖች ግን «ቫሬኪና» አሉት፤ ይህም ቫሬክ ከተባለው የባሕር አረም ስም የወጣ ነው፤ ከአረሙ አመድ ሶዳ ይወጣ ነበርና። እኛም ከጣልያኖቹ ተቀብለን «ቫ»ውን ወደ «በ» መለስነው። ይህ ቃል ትርጉሙ በቅርጹ ባይታይም በሕዝቡ ዘንድ አንድን ነገር ብቻ፣ ሳያሻማ፣ ስለሚጠራ ሊነካ አይገባውም። በ«ማንጫ» ወይም በ«ማጽጃ» እንተካው የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ከሚቃወሙት ወገን ነን። እንግዳ ስም ያለው ነገር ግልጽ በሆነ የጅምላ ስም ከሚጠራ አደጋ ይሻላል።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ነው። «አሲድ» የሚለው በትምህርት ቤት የተለመደ ነው፤ በመኖሪያ ቤት ግን ብዙዎች የሚያስታውሱት የመኪና ባትሪን ነው። ቃሉ በላቲን «ኮምጣጣ» ማለት ነው፤ አማርኛም «ኮመጠጠ» ከሚለው ግስ «ኮምጣጤ»ን አውጥቷል። ስለዚህ ለዚህ ወገን ማጽጃዎች «ኮምጣጣ ማጽጃ» የሚለውን እናቀርባለን፤ «አሲድ» በቅንፍ ሊከተለው ይችላል። ለተቃራኒው ወገን፣ ለአልካሊው፣ ተመሳሳይ ቃል ለመፍጠር ሞክረን ነበር። «አልካሊ» በዐረብኛ ከአንድ ተክል አመድ ስም የመጣ ስለ ሆነ፣ የኛም እናቶች ዕቃ በአመድ ያሹ ስለ ነበር፣ «አመዳም ማጽጃ» የሚል ካርድ ጻፍን። ያነበቡልን ባልደረቦቻችን ሁሉ ሳቁ። አመዳም የተባለ ነገር ያጸዳል ብሎ የሚገዛ አይገኝም፤ እውነታቸውን ስለ ሆነ ካርዱን ቀደድነው። «አልካሊ» ባለበት ይቆይ።

በጠርሙስ ላይ ለሚታተም ማስጠንቀቂያም «አትቀላቅል» የሚለው ብቻ በቂ ሆኖ አላገኘነውም፤ ከምን ጋር የሚለውን አይመልስምና። በበረኪናው ላይ «ከኮምጣጣ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል»፣ በሌላውም ላይ «ኮምጣጣ ማጽጃ፤ ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም፤ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል» ተብሎ ከ«ማጽጃ» ባላነሰ ፊደል ቢጻፍ፣ የልጅቱ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መልስ ያገኛል።

አንድ ካርድ ገና ባዶ ነው። በንጣፎች መካከል የሚገባውን መሙያ ግንበኛው «ግራውት» ይለዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የመገጣጠሚያ መሙያ» እያልን አልፈነዋል፤ ረጅምና ቀዝቃዛ አጠራር መሆኑን አናጣውም። በግንብ ሥራ፣ በሸክላ ሥራ ወይም በሌላ ሙያ ላይ ያሉ አንባብያን በድንጋይና በድንጋይ መካከል ለሚገባው ጭቃ በየአካባቢያቸው የሚነገር አጭር ስም ቢያውቁ፣ ቃሉን ከሚነገርበት ስፍራና ከአንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ጋር ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን።